የማን ቀን ዋጋ ነው?

እስቲ ይህችን ጣት ተመልከቱ። የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ናት። ከጎኗ፣ ከላይኛው አንጓ ዝቅ ብሎ፣ ጠባብ ቦይ አለባት። ቢላ የቆረጣት ይመስላል። ቢላ አይደለም፤ ክር ነው። ጥጥ ለስላሳ ነው ትሉ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲያልፍባችሁ ግን ሥጋ ይበላል። ቀረብ በሉና እዩዋት፤ ማንም አይቆጣችሁም። እጇ ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግታለች። ዝንብ ቢያርፍባት እንኳ እሽ ማለት አትችልም።

የዚህች እጅ ባለቤት እትዬ የሺ ይባላሉ። ቀጨኔ መድኃኔዓለምን አልፎ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መንገድ ዳር ይኖራሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። እሳቸው ሲያስሉ እሰማለሁ፣ እኔ ከሬዲዮ ጋር ስሳደብ ይሰሙኛል። ስለ ደመወዝ የሚጽፉ ሰዎች ሠንጠረዥ ይሠራሉ፤ ይህን ያህል ነበረ፣ ይህን ያህል ሆነ፣ በመቶ ይህን ያህል አደገ ይላሉ። ብዙ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አንብቤአለሁ። አንዱም ውስጥ ጣት አላየሁም። ስለዚህ እኔ በእትዬ የሺ ጣት እጽፋለሁ።

በ1965 ዓ.ም. እትዬ አልነበሩም፤ በቃ የሺ ነበረች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ጉለሌ ውስጥ ከነበሩት የክር ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረች። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ስሙን መጥራትም አያስፈልግም። የተመደበችው ፈተላ ክፍል ነው። ማሽኑ አይቆምም። ክር ሲበጠስ ሮጣ ጫፉን ትፈልጋለች፣ በሌባ ጣቷ ይዛ ትጠመዝዘዋለች፣ ታያይዘዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሮጣለች። ካቦው ከኋላ እየተንጎራደደ ይቆጣጠራል። በቀን ሰባ አምስት ሳንቲም ይከፈላታል። አጠገቧ ያው ሥራ የሚሠራው ወንድ አንድ ብር ከሃያ አምስት ያገኛል።

«ለምን?» ብላ ጠየቀች።

«ወንዱ ቤተሰብ ያስተዳድራላ!» አላት ካቦው።

«እናቴን እኔ አይደለሁ እንዴ የማስተዳድራት?»

«እንግዲያው ባል አግቢ።»

ይህን ሲነግሩኝ እትዬ የሺ ይስቁ ነበር። «አገባሁ እኮ!» ይላሉ። «ያው ካቦ ያለኝን አደረግሁ። ባሌም ሰባ አምስት ሳንቲሜን ይጠብቃል።»

አብዮቱ መጣ። ፋብሪካው ተወረሰ። ትንሹ ደመወዝ በወር ሃምሳ ብር ሆነ፤ ወንድም ሴትም እኩል ተባለ። የሺ የመጀመሪያዋን ሃምሳ ብር ስትቀበል ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ገዛች፣ ለእናቷ ጫማ ገዛች፣ የቤት ኪራይ ከፈለች፣ እህልም ገባ፣ ከዚያም ተረፋት። እንደ ተረፋት ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ሰው የማያምናቸው ይመስላቸዋል። እኔ አምናለሁ። የማላምነው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ደመወዙ ተቆለፈ። ገበያው ግን አልተቆለፈም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እህል ይወጣል፣ ኪራይ ይወጣል፤ የሺ ግን እዚያው ሃምሳዎቹ ውስጥ ትንከላወሳለች። በስብሰባ ላይ ደመወዝ ይጨመር ብሎ መጠየቅ አድኃሪነት ነበር። ሠራተኛው ሥልጣን ላይ ነው ይባላል፤ ሥልጣን ላይ ያለው ሠራተኛ ምሳውን ቆሎ ይበላል።

አሁን ቦንቱን ላስተዋውቃችሁ። ቦንቱ ከሱሉልታ በኩል እንጦጦን በእግሯ ተሻግራ የመጣች ልጅ ናት። ከየሺ ቀጥሎ ያለው ማሽን የእሷ ነበር። ዘመድ የላትም። የጥጡ ብናኝ ደረቷን ያዘው፤ በ1971 ክረምት ሞተች። ሬሳዋን ለመውሰድ የመጣው ሰው ቃሬዛውን ለመሸከም እንኳ አይበቃም ነበር። ማዘጋጃ ቤት እንደሚቀብራት ተሰማ።

ያን ቀን የሺ የፋብሪካው በር ላይ ቆመች። ሺፍቱ ሲለወጥ፣ ወጪውና ገቢው ሲተላለፍ፣ ነጠላዋን መሬት ላይ ዘረጋች። «የአንድ ቀን!» እያለች ጮኸች። «የአንድ ቀናችሁን ለቦንቱ! የአንድ ቀን ብቻ!» ደመወዝ የተከፈለበት ሳምንት ስለነበረ ሁሉም ሁለት ሁለት ብር ጣለ። ያኔ የአንድ ቀን ድካም ያን ያህል ነበር። ካቦው ሳይቀር ጣለ። ቦንቱ በድንኳን ተለቀሰላት፣ በሰው ብዛት ተቀበረች።

ከሳምንት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተሰብስበው የዳገት ሰፈር እድርን መሠረቱ። መዋጮው በወር ሁለት ብር ሆነ። ለምን ሁለት ብር? የአንድ ቀን ስለሆነ። ማንም ደንብ ውስጥ አልጻፈውም፤ መጻፍ አላስፈለገም። ፈታዩም፣ ሸማኔውም፣ ዘበኛውም በቀን የሚያገኘው ተቀራራቢ ነው። እኩል ማዋጣት ፍትሕ የሆነው ሰዎቹ እኩል ስለነበሩ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከፋብሪካው ሰው ውጪ መጀመሪያ የገቡት አቶ ዘርዓብሩክ ናቸው፤ አስተማሪ ነበሩ። ደመወዛቸው የየሺን ሦስት እጥፍ ነበር። ሁለት ብር መክፈል ለእሳቸው ያሳፍራቸው ነበር፤ ስለዚህ ለቅሶ ቤት በሄዱ ቁጥር ስኳር ይዘው ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ሲያልፉ ሰው ይነሣላቸዋል። ዛሬ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ስኳሩ ከቀረ ቆይቷል። ከቤታቸው በታች ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ እዚያ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ እሳቸው በወር የሚያገኙትን እሱ በሦስት ቀን ያገኛል። ለልጁ አልቀናበትም፤ ይገባዋል፣ ጉልበቱን እየጨረሰ ነው። ግን እዩት! አንድ ዳገት ላይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ማን ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚል እንኳ ተገለበጠ።

ደርግ ወደቀ፤ ገበያው ተፈታ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ፋብሪካው ተሸጠ። የገዛው ሰው ማሽኑን ሳይሆን መሬቱን ነው የገዛው። እትዬ የሺ (አሁን እትዬ ሆነዋል) ከተቀነሱት ጋር ወጡ። ሠላሳ ዓመት የክር ጫፍ ሲፈልግ የኖረ ጣት ሌላ ቦታ ምን ያደርጋል? ወለል ይወለውላል። በኤጀንሲ በኩል የአንድ ባንክ ሕንፃ ጽዳት ገቡ። ባንኩ ለአንድ ጽዳት ሠራተኛ ለኤጀንሲው የሚከፍለውን የሰሙት አንድ ቀን ቢሮ ሲጠርጉ ሰዎች ሲያወሩ ነው። እሳቸው እጅ የሚገባው ግማሹም አይሆንም። «ታዲያ ሌላው የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃቸው «መንገድ ላይ ቀረ» አሉኝ።

ጡረታቸው ደግሞ የተሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው። ያ ሁሉ ፈተላ ዓመት ለመቁጠር ብቻ ገባ፤ ዋጋው የተተመነው በመወልወያው ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት ተጨምሮበታል፤ አሁን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ደርሷል። አብራቸው የልጃቸው ልጅ ሄርሜላ ትኖራለች። እናቷ አረብ አገር ሄዳ ሞታለች። ሄርሜላ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ናት፤ ለውጭ አገር ሰው የሚላክ ሸሚዝ ላይ እጅጌ ትገጥማለች።

አንድ ቀን ሁለቱ ሲከራከሩ በግድግዳው ሰማኋቸው።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ በአንድ ደመወዝ ለእናቴ ጫማ ገዝቼላታለሁ» ይላሉ እትዬ የሺ።

«እማዬ፣ ጫማ ነው እንዴ የምታወሪኝ! እኔ በደመወዜ ጫማ ልግዛ ካልኩ ግራውን በዚህ ወር፣ ቀኙን በሚቀጥለው ነው።»

«ታዲያ ገንዘቡን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እበላዋለሁ። ከታክሲ የተረፈውን።»

«እኛ እኮ ሠርቪስ ነበረን…»

«እናንተማ ንጉሥም ነበራችሁ!»

ሳቁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት፤ ክርና ጨርቅ። አያቷ ሃምሳ ዓመት ቀድመው የገቡበት በር ውስጥ ነው ልጅቷ ዛሬ የቆመችው። ልዩነቱ አያቷ ተርፏቸው ያውቃል። ለግል ፋብሪካ ሠራተኛ ከዚህ በታች አትከፍልም የሚል ወለል እስከማውቀው ድረስ በአገራችን የለም። ወለል በሌለው ቤት ውስጥ ሰው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ገምቱ።

አሁን ወደ ነገሩ።

ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ በነበረው እሁድ፣ እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። የእድሩ ጸሐፊ ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ እዚሁ የተወለደ፣ የአቶ ዘርዓብሩክ የእህት ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ለውጭ ኩባንያ ይሠራል፤ በዶላር ይከፈለዋል። ብር ሲረክስ የሁላችን ደመወዝ ቀለጠ፤ የእሱ ሳይጨመርለት ጨመረ። ጥፋቱ አይደለም። ሰፈር አልቀየረም፣ አልኮራም፣ ለቅሶ ላይ ወንበር ይሸከማል።

«ድንኳኑ ያፈሳል» አለ ኤርሚያስ። «ወንበሩ ግማሹ ተሰባብሯል። ለሟች ቤተሰብ የምንሰጠው ገንዘብ ለቀብር እንኳ አይበቃም፤ ወደ አርባ ሺህ ማሳደግ አለብን። ስለዚህ ወርሃዊው ከመቶ ብር ወደ አራት መቶ ብር ይደግ የሚል ሐሳብ አለን። ሲታይ ይበዛል፤ ግን በቀን ሲካፈል የማኪያቶ ግማሽ እንኳ አይሆንም።»

«ማኪያቶ የሚጠጣው ማነው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ ተነሣሁ። «ይህ እድር ሲቋቋም መዋጮው የአንድ ቀን ድካም ነበር» አልኩ። «አሁን ንገሩኝ፤ አራት መቶ ብር የማን ቀን ነው? እዚህ ውስጥ አራት መቶ ብር የግማሽ ሰዓቱ የሆነ አለ፤ የአምስት ቀኑ የሆነም አለ…»

ከፊት ወንበር ድምፅ መጣ። እትዬ የሺ ናቸው።

«አንተ ለፍላፊ፣ ቁጭ በል! የራስህን ኪስ በእኛ ስም ታስለቅሳለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ያችን ጣት ያለችበትን። «ይጨመር» አሉ። «እድር በልመና አይቆምም። ሰው በክብር ይቀበር።»

«መሥራቿ ይጨመር ካሉ እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ።

ከዚያ እጆች ተነሡ። አንዱ ሲነሣ አጠገቡ ያለው ይነሣል። የተነሡትን እጆች ባለቤቶች አውቃቸዋለሁ። ጉልት የምትቸረችረው አለች። ቀኑን ሙሉ የጫማ ሶል የሚሰፋው አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ጀርባዋ የጎበጠው አለች። ሁሉም አነሡ። የሺ ካነሱ እኔ እንዴት አላነሣም? ብሎ ሁሉም አነሣ። ድሃ መሆኑን በአደባባይ ከመናገር ድህነቱን እጥፍ ማድረግ የሚቀለው ሕዝብ ነን።

ዳገቱን ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ «እትዬ የሺ፣ ከየት ሊያመጡት ነው?» አልኳቸው።

«እግዜር ያውቃል። አንተ ግን ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

«እኔ መቼ አዋረድኩዎት?»

«የአምስት ቀኑ የሆነ አለ ስትል ወደ እኔ አየህ። አይቼሃለሁ።»

አይቼ ነበር።

እትዬ የሺ የደም ግፊት አለባቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጽፍላቸዋል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ይሄ የለንም፣ ከውጭ ይግዙ» ይባላሉ። ከውጭ የአንድ ወሩ አራት መቶ ብር ገደማ ነው። አሁን ገባችሁ? እኔ አልገባኝም ነበር። ሄርሜላም አልገባትም። ልጅቷ ማለዳ ከመውጣቷ በፊት በየቀኑ ታያቸዋለች፤ አያቷ ከመደርደሪያው ላይ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ያነሣሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆም ይላሉ፣ መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ ውኃ ይጠጡበታል። «ዋጥሽ?» «ዋጥሁ።» ልጅቷ ትሄዳለች።

መዳፉ ባዶ ነበር። መጀመሪያ ክኒኑን ለሁለት ይሰብሩት ነበር። ከዚያ ቀን እየዘለሉ አደረጉት። ከዚያ አለቀ፤ አልተገዛም። ማሸጊያው ብቻ መደርደሪያው ላይ ቀረ። መዋጮው ግን በየወሩ፣ ከሁሉም ሰው ቀድሞ፣ ተከፈለ።

ጥር ላይ ነው የወደቁት። እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ መዋጮ ሊከፍሉ ወደ እድሩ ሲሄዱ፣ ዳገቱ ላይ። ስደርስ ሰው ከቧቸዋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ሰው እጅ አልነበረም። ታክሲ ወደዚያ አይገባም፤ ተሸክመን ወደ ዋናው መንገድ አወረድናቸው። ባለ ታክሲው ቀድማችሁ ክፈሉ አለ። ኪሳችንን ዳበስን፤ ቀኑ እሁድ ነው፣ ያለንን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን ነው የወጣነው። «እትዬ የሺ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ገንዘብ አላቸው፤ ሲቋጥሩ አይቻለሁ» አልኩ። ቋጠሮው ተፈቷል። ባዶ ነው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ መሰለች የምትባለው። «ለእድሩ ገቢ አድርጌላቸዋለሁ። ሳይከፍሉ ቢሞቱስ ብዬ!»

በተንኮል አይደለም። በፍቅር ነው። ሴትየዋ መንገድ ላይ ወድቀው እያጣጣሩ ሳለ መሰለች ሮጣ ሄዳ የሞታቸውን ከፈለችላቸው። እኛ ደግሞ ለሕይወታቸው የታክሲ ገንዘብ በየሱቁ እንለምን ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ዘግይተን ነበር።

ሆስፒታል ዶክተሯ ሄርሜላን ጠየቀቻት። «መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«በየቀኑ። እኔ እያየኋት ነው የምትውጠው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ልጅቷ ወደ ቤት ሮጠች። ቤት ገብታ ማሸጊያውን አነሣችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አላለቀሰችም። ማሸጊያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው፤ ከዚያ ቦታው መለሰችው።

ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ኤርሚያስ ሊጠይቃቸው መጣ። ብርቱካን ይዞ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጣሪያውን አየ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነውን ግድግዳ አየ። ነገሩን ሄርሜላ ነግራዋለች።

«እማማ የሺ» አለ፣ «ለምን እጅዎትን አነሡ? ይከብደኛል ቢሉኝ ኖሮ እኮ እተወው ነበር። እኔ እዚህ ሰፈር ውስጥ አራት መቶ ብር የሚከብደው ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

አልመሰለውም! እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አድጎ፣ እኚህ ሴትዮ ወተት ግዛ እያሉ ሲልኩት ኖረው፣ አልመሰለውም። ክፋት ቢሆን እሰድበው ነበር። ክፋት አይደለም። ደመወዝ ሰውን ከሰፈሩ ሳያስወጣ ከሰፈሩ ያስወጣል፤ በአንድ መንገድ ስንወጣና ስንወርድ እየዋልን የአንዳችን ብር ለሌላችን ሌላ ገንዘብ ሆኗል።

እትዬ የሺ ለረጅም ጊዜ አፋቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። አንድ ቃል ናት የወጣችው።

«አፈርኩ።»

ኤርሚያስ ብርቱካኑን ጥሎ ወጣ።

መጋቢት ላይ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ገና ሲጀመር ተነሣሁ። «እትዬ የሺ ቢሞቱ አርባ ሺህ ብር እንሰጣለን» አልኩ። «ያንን አሁን እንስጣቸው። ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋቸዋል፣ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። በሕይወት ሳሉ ይውሰዱት።»

«እድር የሞት ነው እንጂ የበሽታ አይደለም» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ። «ደንባችን አይፈቅድም።»

«ደንቡን ማን አወጣው? እኚያው የተኙት ሴትዮ አይደሉም?»

«ታዲያ ሲሞቱ ያለ ድንኳን ሊቀበሩ ነው?» አለች መሰለች ደንግጣ። አዳራሹ በሙሉ እንደ እሷ ደነገጠ። ሰው ያለ መድኃኒት መተኛቱ አያስደነግጥም፤ ያለ ድንኳን መቀበሩ ያስደነግጣል። እጅ ይነሣ ተባለ፤ አልተነሣልኝም።

«እሺ» አልኩ። «ቢያንስ መዋጮው ወደ ጥንቱ ይመለስ። ሁሉም የራሱን የአንድ ቀን ያዋጣ። የእትዬ የሺ ቀን ሰማንያ ብር ከሆነ ሰማንያ፤ የሄርሜላ መቶ ሠላሳ ከሆነ መቶ ሠላሳ፤ በሺህ የሚያገኝም የራሱን በሺህ።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ደመወዜን ለእድር ልናገር?»

«ሚስቴም እንኳ አታውቀውም!»

«ነገ ለግብር ሊወስዱት ነው?»

ብዙ ያለው ያለው እንዳይታወቅ ጮኸ፤ ምንም የሌለው የሌለው እንዳይታወቅ ጮኸ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው አስቀመጡኝ። ኤርሚያስን አየሁት። ሊደግፈኝ ግማሽ ተነሥቶ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የራሱን አንድ ቀን አሰላ መሰለኝ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ኋላ ላይ ግን እጁን አነሣ። «እማማ የሺ ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ» አለ። ደግ ሐሳብ ነው፤ አያስከፍልም። ሁሉም በደስታ ተቀበለው። አንዲት አረጋዊት ከአራት መቶ ብር ነፃ ወጡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሕሊናውን አጥቦ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሣ።

ቆዩ፤ አላለቀም። ደንቡ እንደሚለው ነፃ የሚደረግ አባል ለማኅበሩ በይፋ ይገለጻል። ድሮ ለሜሳ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ነበረን፤ አሁን ድምፅ ማጉያ ተገዝቷል፤ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከታች እስከ ላይ ይሰማል። በዚያ ነው የተነገረው። «የዳገት ሰፈር እድር አባላት ሆይ! በአቅመ ደካማነት ከወርሃዊ መዋጮ ነፃ የተደረጉ፤ ወይዘሮ የሺ…» ከእነ አባታቸው ስም፣ ሁለት ጊዜ።

ሮጬ ስደርስ እትዬ የሺ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። ሰምተዋል። ይህች ስም እንዳትጠራ ነው ክኒኑን የተዉት። ይህች ስም እንዳትጠራ ነው ባዶ መዳፋቸውን የላሱት። ተጠራች።

በግራ እጃቸው ሄርሜላን ጠሯት። ከንፈራቸውን ታገሉት።

«ክፈይልኝ።»

«እማዬ፣ ነፃ ሆነሻል እኮ፤ አልሰማሽም?»

«ክፈይልኝ» አሉ ደግመው፤ እንባቸው በደህናው ጎን ብቻ ወረደ።

ልጅቷ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ሄደች። አራት መቶ ብር፤ ከሦስት ቀን በላይ ሙሉ እጅጌ የገጠመችበት። ለገንዘብ ያዡ ሰጠችው። «ነፃ ናቸው እኮ» ቢላት «አይደለችም» አለችው። በየወሩ ትከፍላለች። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት አሁን እየተገዛ ነው አለችኝ፤ ማሸጊያውን እኔም እየከፈትኩ አያለሁ፤ ክኒኑ አለ። ታዲያ የሁለቱ ገንዘብ ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው? ሰሞኑን ማለዳ ስትወጣ ምሳ ዕቃዋን ስትዘጋ እሰማለሁ። ክዳኑ ሲገጥም የሚያሰማው ድምፅ የባዶ ዕቃ ድምፅ ነው። አያቷ አልጋ ላይ ሆነው «ምሳሽን ያዝሽ?» ይሏታል። «ያዝሁ» ትላለች።

ሠንጠረዥ የምትሠሩ፣ ይህን የት ትጽፉታላችሁ?

እናንተ ግን፣ እዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሁላችሁም እድር አላችሁ፤ ወይም ማኅበር፣ ወይም ዕቁብ፣ ወይም ሁሉም እኩል የሚያዋጣበት የቢሮ መዋጮ። በሚቀጥለው ጊዜ «ይጨመር» ሲባል እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት «የማን ቀን ነው?» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ። ይሳቅባችሁ፤ ግድ የለም፤ የራሳችሁን ቀን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሌላው እንዳያፍር። ከዚያ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ የምትከፍለውን፣ አንድም ወር ዘግይታ የማታውቀውን ሴትዮ በር አንኳኩ። ገንዘብ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አትቀበላችሁም። ቁጭ በሉና መደርደሪያው ላይ ያለውን ማሸጊያ አንሡት፤ ነቅንቁት። እባካችሁ፤ በሚቀጥለው ወር አይደለም፤ ዛሬ ሂዱ።